የማተሚያ ቤቱ ሰይጣን

ተኚ እንጂ ትርንጎ፣ ምን ያገላብጥሻል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከማሽን ዳቦ ስትቀበይ አድረሽ፣ እግርሽ አብጦ መጥተሽ፣ አሁን ደግሞ ጣሪያ ልትቆጥሪ ነው? ጨፍኚ። ጨፍኛለሁ። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ አከራዬ ዶሪን ራሷ ሰፍታ የሰቀለችልኝ፣ «ቀን የሚተኛ ሰው ጨለማውን ይዞ መዞር አለበት ፍቅሬ» ብላ፣ ግን በዳር በዳሩ ፀሐይ ትገባለች፣ በዚህ አገር ፀሐይ ስትፈልጊያት የለችም፣ ልተኛ ስትዪ ግን ከች ትላለች። ውጭ ልጆች ኳስ ከግድግዳ ጋር ያላጋሉ። ታች ዶሪን ሬዲዮ ከፍታለች። ፀጉሬ እርሾ እርሾ ይሸተኛል፣ ሁለቴ ታጠብኩት፣ አይለቅም። እኔ ደግሞ እማዬ ዛሬ ጠዋት ያለችኝን ነገር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነባለሁ። ምን አለችኝ? ምንም አላለችኝም። ነገሩ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ስወጣ ፌርማታው ላይ ቆሜ እደውልላታለሁ፣ እናቴ ያለችበት ሐይቅ ከተማ ያን ጊዜ ረፋድ ነው፣ ቁርሷን በልታ መድኃኒቷን ውጣ በረንዳ ላይ ፀሐይ የምትሞቅበት ሰዓት። ስልኩን ስታነሳ እስከ ዛሬ «ሐይቅ!» ነው የምትለው። ስልከኛ ነበረች እማዬ፣ ያኔ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት በነበረበት ዘመን፣ ማን ለማን እንደደወለ፣ የማን ልጅ እንደኮበለለ፣ የማን ባል አዲስ አበባ ሌላ እንዳገባ፣ ሁሉም በእሷ ጆሮ ያልፋል፣ መርዶ እንኳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሳይደርቡ እሷ ሰምታዋለች። ቤት ስትገባ ግን ጭጭ። እኔና ልየው ቀሚሷን ይዘን «እማዬ ዛሬ ማን ደወለ?» ስንላት «ስልክ ደወለ» ትለናለች። ከዚያ ሽሮዋን ታማስላለች። አባዬ እንኳ አንዲት ነገር ሳያወጣጣት ሞተ።

ዛሬ ጠዋትም «ሐይቅ!» አለች፣ እኔም «እማዬ፣ ልብሽ እንዴት ነው?» አልኩ። «ልቤማ ደረቴ ውስጥ ነው፣ የት ይሄዳል።» «መድኃኒቱንስ?» «እውጣለሁ። ውብሸት አጠገቤ ተገትሮ እያየኝ አልውጥም ብል ማን ይሰማኛል።» ሳቅን። ጎረቤታችን የሺመቤት ልጇን ድራ ድንኳኑ ገና አልተነቀለም አለች፣ ሽንኩርት ተወደደ አለች፣ ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ገባ አለች። እኔም ሁሌ የምለውን አልኩ፣ ልየው ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል፣ ሰላም ብሎሻል። «ጎሽ» አለች። ከዚያ መረቀችኝ። «ትርንጎዬን ከክፉ ሁሉ ሰውሮ ያቆይልኝ፣ በወጣሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፣ በይ ደህና ዋይ።» አሜን አልኩና አውቶቡስ ገባሁ። አሜን አልኩ እኮ! ቲኬቴን አሳይቼ፣ ወንበር ይዤ፣ መስኮቱን በክንዴ ጠርጌ፣ ድልድዩን ካለፍን በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። እማዬ ስትመርቅ «ትርንጎዬንም፣ ልየውዬንም» ነበር የምትል። በሁለታችን ስም መካከል ትንፋሽ ትወስዳለች። ዛሬ ስሙም የለ፣ ትንፋሹም የለ።

ረስታው ነው። አርጅታለች። ሰው አይረሳም እንዴ? ተኚ በቃ።

ልየው ሞቷል። ይኸው፣ በሆዴ እንኳ ስለው ዙሪያዬን አያለሁ፣ ሰው የሰማኝ ይመስል። ባለፈው ኅዳር፣ ዕቃ የሚያመላልስበትን መኪና አቁሞ፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሻይ ይዞ እንደተቀመጠ ነው፣ ልቡ ናት፣ የእማዬን ልብ ነው የወረሰው። ለጋሼ ውብሸት፣ ለእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ደውዬ ስነግረው ጮኸና ወዲያው አፉን ያዘ፣ እማዬ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች። «ትርንጎ፣ በፈጠረሽ፣ እንዳትሰማ» አለኝ። «ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካት ብሏል። ትንሽ ታገግም፣ እኔ ራሴ ቄሱን ይዤ እነግራታለሁ።» አስከሬኑን ብንልከው ልትሰማ ነው፣ ስለዚህ እዚሁ ቀበርኩት፣ የአገሬ ልጆች ነበሩ፣ ዶሪን ነበረች፣ ሽማግሌው ወዳጃችን ኖሪስ በዚያ ብርድ ባርኔጣውን አውልቆ በራ ራሱን ገልጦ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ መጣ፣ ደወልኩ፣ «ልየው ባሕር ላይ ሥራ አገኘ፣ ነዳጅ የሚወጣበት፣ ስልክ አይሠራም እዚያ» አልኳት። ለስልከኛ! «ሬዲዮም የለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። «እሺ» አለች። ገና ሲያልፍ አለ ጋሼ፣ ከዚያ ጾሙ ሲፈታ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ምርመራዋ ይውጣና አለ። እኔ በየቅዳሜው እየዋሸሁ ነው። ወንድሜን በየሳምንቱ አስነስቼ ሰላምታ አስይዤ እልከዋለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ያቺ ጠረጴዛ ብትኖር ኖሮ ሄጄ የዛሬውን ለኖሪስና ለዶሪን እነግራቸው ነበር። ገበያው ውስጥ ሻይ ቤቷ፣ ማሞቂያው ሥር ያለችው ጠረጴዛ፣ አንድ እግሯ አጭር ስለሆነ ኖሪስ የታጠፈ ጋዜጣ የሚያስገባላት። አሁን ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ከፈረቃ ወጥቼ መጀመሪያ የገባሁት ለሙቀቱ ነበር፣ ሌላ ወንበር ስላልነበረ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ እና አንዲት ፀጉሯን ሐምራዊ የተቀባች አሮጊት አንድ ጋዜጣ ላይ ጎንበስ ብለው ይነታረካሉ። «አይደለም ብዬሃለሁ!» «ነው እንጂ፣ ዓይንሽን ግለጪ!» ደነገጥኩ፣ «ምን ሆናችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ቀና ብሎ «አንድ ቃል ጠፍቶን ነው ቆንጂት» አለኝ። እኔ ደግሞ እርጅና መስሎኝ አዘንኩላቸው፣ እማዬም አንዳንዴ ቃል ይጠፋባታል፣ «አይዞዎት፣ ይመጣልዎታል» አልኩት። ዶሪን ሻይዋ ትን አላት። ይኸው በዚያ ሳቅ ነው እዚህ ቤት የገባሁት፣ ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል አለኝ አለችኝ፣ ኖሪስ ደግሞ ጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፣ ተማሪ ሲያገኝ አይለቅም።

መስቀለኛ ቃል አስተማሩኝ። እኔ መጀመሪያ የአገራችን ጋዜጣ ላይ እንዳለው መስሎኝ ነበር፣ «የወንዝ ስም፣ ባለ አራት ፊደል»፣ ሞልተሽ የምትሄጂው። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ይሄ እያንዳንዱ ጥያቄ ጤነኛ ዓረፍተ ነገር መስሎ ይቀመጥና ዓይንሽ እያየ ያታልልሻል፣ በአንዱ ጫፍ የቃሉ ፍቺ አለ፣ በሌላው ጫፍ ቃሉ የሚሠራበት መንገድ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁለቱን የሚያጣብቅ ውሸት። «ወሬውን አትስሚ» ይለኛል ኖሪስ፣ «ወሬው ሊያዘናጋሽ ነው። ምን እያደረገ ነው በይ።» እሑድ ቤተ ክርስቲያን የአገሬ ሰዎች ይሄን ስነግራቸው «ይሄማ ቅኔ ነው!» ይሉኛል፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚሉኝ፣ ሰለቸኝ፣ እሺ ቅኔ ነው፣ በየትኛው ቅኔ ላይ ነው ሐምራዊ ፀጉር ያላት ሴት ቅቤ ከተቀባ የዘቢብ ዳቦሽ ላይ ቆርሳ እየበላች «አላየሽውም? ኸረ አላየሽውም?» እያለች የምታበግንሽ?

ሕግ ነበራቸው። መልሱን ያገኘ ሰው አይናገርም። ማንኪያውን ሲኒው ላይ ያጋድማል፣ በቃ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ እስኪደርሱበት። ኖሪስ ማንኪያውን ሲያጋድም ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፣ መስኮት መስኮት ያያል። ዶሪን ግን ማንኪያዋን አጋድማ በወንበሯ ላይ ትቁነጠነጣለች፣ እንደ ሕፃን ልጅ ናት። አንድ ቀን እኔ ከሁለቱም ቀድሜ አጋደምኩ። ኖሪስ አየኝ፣ ማንኪያዬን አየ፣ «እኛ ምን ቀረን ታዲያ» አለ ለዶሪን። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየበረርኩ ነው፣ ለማን ልንገር፣ ልየው ደረስ ሲል ያዝኩት፣ ያኔ እዚህ ክፍል ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ነው የሚተኛው፣ «ልየው፣ በእንግሊዝኛ እንግሊዞችን ቀደምኳቸው!» አልኩት። «ወጥ አለ?» አለኝ።

ወጥ አለ! እሱ መቼ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ድስቴን ከፍቶ ቆሞ የሚበላ፣ ክዳኑን ሶፋ ላይ የሚተው፣ ፎጣዬን አርጥቦ ወለል ላይ የሚጥል፣ ስኳሬን በሳምንት የሚጨርስ፣ ስደውልለት የማያነሳ፣ ካነሳም «ምንድን ነው፣ ቤት ተቃጠለ?» የሚለኝ። በየቅዳሜው ስሞታ ነበረኝ ለእማዬ። እሷ ስልኩን ይዛ እያዳመጠች፣ እህ፣ እህ፣ ትላለች፣ ስጨርስ «እሱስ ምን አለ?» ትለኛለች። ሁሌም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንደዚያው ናት፣ የአንዱን ሰምታ ሌላውን ሳትሰማ አትፈርድም። «እማዬ ልየው ገፈተረኝ!» «እሱስ ምን አለ?» ያናድደኝ ነበር። እኔ አልቅሼ የሱ ቃል ይጠየቃል።

ከመደበኛው በኋላ ኖሪስ እንግዳ እንግዳዎቹን አመጣብኝ። በወር አንዴ የሚወጣ ክፉ ሠንጠረዥ አለ፣ እሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ዓይነት ጥቁር ሳጥኖቹ ተጠርገው ባዶ ሜዳ ብቻ የሚሰጥሽ ነው፣ ቃሉን ብታገኚ እንኳ የት እንደምታሳርፊው አታውቂም፣ መሬት የሌለው ገበሬ አደረገኝ። አንዱ ደግሞ የተገለበጠው ነው፣ መልሱ ራሱ ትእዛዝ ይሆንና ጥያቄው ውጤቱን ብቻ ያሳይሻል፣ ወደ ኋላ እየተራመድሽ በር መፈለግ ነው። እነዚህ ገቡኝ፣ እየተራገምኩ ገቡኝ። ያልገባኝ አንዱ ነው፣ የማተሚያ ቤቱ ሰይጣን የሚሉት። ፍቺ የለው፣ መሥሪያ የለው። ዝም ብሎ ዓረፍተ ነገር ነው። «ድሮ» ይለኛል ኖሪስ «ማተሚያ ቤት ውስጥ ሰይጣን አለ ይባል ነበር። ከተደረደረው ፊደል መሐል አንድ ቃል ይሰርቅና የቀረውን ገፋ አድርጎ ያገጣጥመዋል። ስታነቢው ይነበባል። ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው። የተሰረቀውን አምጪ።» «ከየት ላምጣ? እዚያ የለማ!» «የለማ» ይላል፣ ፈገግ ብሎ።

ስንት ሐሙስ አበገነኝ። እዚያ የሌለ ነገር እንዴት ይፈለጋል? ጠረጴዛውን በጥፊ መትቼ አውቃለሁ፣ ሻዩ ፈሰሰ። «እኔ ያለውን ነው የማነበው!» አልኩት። ዶሪን «ተዋት ኖሪስ፣ ልጅቷ ሌሊት ሠርታ ነው የመጣችው» አለች። እሱ ግን «በአፍሽ ሞክሪው» አለኝ። «በራስሽ ቋንቋ። እናትሽ ከምትለው ነገር።» እናቴ ከምትለው? እዚያው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ፣ «እሱስ ምን አለ»። አየሁት። ብዙ አየሁት። ከመሐሉ «ስም» የሚለው ተሰርቆ ቢወጣ፣ የቀረው ሲጠጋጋ፣ «እሱን አለ» ይሆናል። ይነበባል! ሰው «እሱን አለ» ብሎ ሊያወራ ይችላል፣ ስም እንደተወሰደበት ማን ያውቃል? ጮህኩ። የሻይ ቤቷ ሰው ሁሉ ዞረ። ኖሪስ ፊደሎቹን ማንበብ አይችልም፣ ግን አንድ በአንድ አስነገረኝ፣ ጣቱን እያስቀመጠ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ይሄስ፣ ከዚያ ተደግፎ ተቀመጠና ማንኪያውን ሲኒው ላይ አጋደመ። ልየው ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ማታ ስነግረው «ስሜን ሰርቀሽ ነው እንግዲህ የምትጫወቺው» አለኝ፣ በአፉ ዳቦ ሞልቶ።

ታዲያ የራሴን መሥራት ጀመርኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለወሩ ውድድር ልልክ። አንዱን በጣም ወደድኩት። ስለ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ተስማምቶ የሚኖር፣ ተሰርቆ የወጣው ቃል ምኑም አይታይ። ኖሪስ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «አልጣመኝም» አለ። «ስህተት አለው?» «ስህተት የለውም። እሱ ነው ያልጣመኝ። ሰው እንዲህ አያወራም ቆንጂት። ሰው ሲያወራ ያማርራል፣ ያጉረመርማል፣ እግሩን ያመዋል። ከመጠን በላይ የለሰለሰ ቦታ ሳገኝ ጣቴን እዚያ ላይ ነው የማደርገው። ተሰፍቷል እላለሁ።» አኮረፍኩት። አልላክሁትም። አሁን ሴት ልጁ ጋ ነው ያለው ኖሪስ፣ ባሕሩ ዳር፣ እዚያ ወሰደችው፣ አንዳንድ ቀን ይደውላል፣ አንዳንድ ቀን ዶሪንን በሟች ሚስቱ ስም ይጠራታል፣ እሷም አታርመውም። ያቺን ሻይ ቤት እንዴት እንደናፈቅኋት። ልየው በር ላይ ቆሞ «ትርንጎ፣ ቁልፍ ጠፋኝ» ሲል፣ ሁለቱ «ና፣ ና፣ ግባ» ሲሉት፣ ገብቶ የዘቢብ ዳቦዬን ሲበላ። ያኔ ደስተኛ መሆኔን ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። እኔ ስሞታ ላይ ነበርኩ።

ከመጠን በላይ የለሰለሰ።

ቆይ።

እማዬ ስሙን ብትረሳው ኖሮ ትደናቀፍ ነበር። አውቃታለሁ። ቃል ሲጠፋባት ትቆማለች፣ «ያ ማነው» ትላለች፣ በእጇ አየር ትጨብጣለች፣ በስልክ እንኳ ይሰማኛል። ዛሬ አልቆመችም። «ትርንጎዬን ከክፉ ሁሉ» ብላ ሸርተት አለች፣ እንደ ለመደችው። እንደ ለመደችው! ያለፈው ቅዳሜስ? ያለፈው ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ አውቶቡሱ መጣ፣ ምርቃቱን ሩጫ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት የነበረውስ? እኔ አሜን ለማለት ነው የምጠብቀው፣ ስልክ ለመዝጋት ነው የምጠብቀው፣ ውሸቴን ተናግሬ ጨርሼ ለመሮጥ። ስንት ቅዳሜ ይሆን ያለ ልየው የመረቀችኝ? ከዚያ ደግሞ «የልየው ሥራ እንዴት ነው» ማለት ትታለች፣ «መቼ ነው ከባሕር የሚወጣ» ብላኝ አታውቅም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሬዲዮም የለ አለችኝ፣ አበቃ። ልጁ ስልክ ያልደወለላት እናት ደጋግማ አትጠይቅም? እማዬ? አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ቢጠፋባት አውሮፕላን ልሳፈር ያለች ሴት?

ታውቃለች። ወዮ፣ እማዬ ታውቃለች። ማንኪያዋን ሲኒዋ ላይ አጋድማ መስኮት መስኮት እያየች ነው። እኔ እዚህ እሷን ላድን እዋሻለሁ፣ ጋሼ ውብሸት እዚያ እሷን ሊያድን መድኃኒት ስትውጥ አጠገቧ ይገተራል፣ እሷ ደግሞ የሁለታችንን ውሸት ተቀብላ «ጎሽ» ትላለች። ልጇ ሞቶ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሰው «እግዜር ያጥናሽ» አላላትም። የየሺመቤት ልጅ ሠርግ ላይ እልል ብላ ይሆናል። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት። አይ፣ ተኚ፣ ከሥራ መልስ አስቢበት፣ ሰኞ ለጋሼ ደውዪና አማክሪው። ሰኞ? እስከ ሰኞ ስንቴ ትተኛለች፣ ስንቴ ትነሳለች? ልቧስ? ብነግራት ልቧ ቢቆምስ? ያኔ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ባልነግራትስ ምን እየሠራሁ ነው? እግሬ መሬት ነካ። መጋረጃውን ገፋሁት። ስልኬን ያዝኩ።

ይጠራል። ይጠራል።

«ሐይቅ!»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ ጠዋት አውርተን? አልተኛሽም?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ወተት አፍልተሽ ጠጪ።»

«እማዬ። ጠዋት ስትመርቂኝ ልየውን ዘለልሽው።»

ዶሮ ይጮሃል። ሩቅ ባጃጅ ያልፋል። ልቧን አሰብኩ፣ ጋሼን ልጥራ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ።

«አንቺ ነሽ የዘለልሽው» አለች። ቁጣ የለውም። «ዕድሜሽን ሙሉ የልየውን ስሞታ ሰምቻለሁ። ወጤን በላብኝ፣ ፎጣዬን አበላሸው፣ ስልክ አያነሳም። ከኅዳር ወዲህ ግን ልየው ደህና ነው፣ ልየው ጎበዝ ነው፣ ልየው ሰላም ይልሻል። ጎበዝ? የኔ ልየው? ትርንጎ፣ ወንድምሽን መልአክ አድርገሽ አመጣሽብኝ እኮ። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁ።»

«እማዬ…»

«በሕይወት ያለ ልየው አንድ ቀን እንኳ ሳያናድድሽ ይውላል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኩ፣ እንዴት እንዳልኩት እንጃ።

«ምን ልበል? ውብሸት የኔን ልብ ሲጠብቅ ሰውነቱ አለቀ፣ አዘንኩለት። አንቺ ደግሞ በሰው አገር ለብቻሽ። እኔ ብጮህ ትሰሚያለሽ፣ ማን ይይዝሻል? አልኩና ያዝኩት። የስንቱን ይዤ ኖሬ የለ?»

«ብቻሽን አለቀስሽ?»

«ትራስ አለ።» ተነፈሰች። «በይ አሁን ንገሪኝ። መርዶዬን ንገሪኝ። ከሰው አፍ ሳልሰማ ማልቀስ አልቻልኩም።»

ነገርኳት። ቆሜ ነገርኳት፣ ወግ እንደሆነ። ሞተ እማዬ አልኳት፣ ልየው ሞተ። መኪናውን አቁሞ፣ ሻይ ይዞ እንደተቀመጠ። አልጮኸችም። «ብቻውን ነበር?» አለች። ጓደኞቹ ነበሩ አልኳት። «ሻዩን ጠጥቶት ነበር?» «ግማሹን።» «ስኳር አብዝቶበት ይሆናል» አለች፣ ለራሷ ነገር። ያኔ አፌ በራሱ ተከፈተ። «ስኳር ብቻ! ስኳር ነበር እንጂ ሻይ የታለ እማዬ፣ ማንኪያው ሲኒው ውስጥ ይቆም ነበር እኮ፣ ከረጢት ሙሉ ገዝቼ ሳምንት አይቆይልኝም፣ ደብቄ መሳቢያ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ያገኘዋል፣ ከነማንኪያው መሳቢያው ውስጥ ትቶት ይሄዳል፣ ጉንዳን ገባብኝ፣ በዚህ ብርድ አገር ጉንዳን አስገባብኝ፣ ‹ልየው ኸረ በሕግ አምላክ› ብዬ ቆሜ ጮህኩበት…»

«እሱስ ምን አለ?» አለች እማዬ።

እንደ ድሮው። በዚያችው ድምፅ።

«‹ጉንዳኖቹም ስደተኛ ናቸው፣ ይብሉ› አለኝ።»

ሳቀች። እማዬ ሳቀች፣ ከሆዷ፣ ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና «ልየውዬ!» አለች፣ «ልየውዬ! ልጄ!» ስልኩ ወደቀ፣ ድንጋይ ላይ ነው የወደቀው፣ ግን አልተቋረጠም፣ ሁሉም ይሰማኛል፣ የአጥሩ በር ሲከፈት፣ የሺመቤት «ምን ሆንሽ እታለም!» እያለች ስትሮጥ፣ ጋሼ ውብሸት «ማን ነገራት? ማን ነገራት?» እያለ ሲያለቅስ፣ ከዚያ ሌላ ሴት፣ ሌላ ሴት፣ ቤቱ ሲሞላ። እኔም ወለሉ ላይ፣ የልየው ፍራሽ ይዘረጋበት የነበረው ቦታ፣ ደረቴን ይዤ ጮህኩ፣ ኅዳር ላይ ያልጮህኩትን ሁሉ። ታች ሬዲዮው ጠፋ። ደረጃው ሲንቋቋ ሰማሁት። ዶሪን በነጠላ ጫማዋ ገባች፣ እኔን አየች፣ ከስልኩ የሚመጣውን የሴቶች ድምፅ ሰማች፣ ጉልበቷ እያመማት ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ትከሻዬን ያዘች።

ስልኩን ማንም አልዘጋውም።